የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚሸኘው መቼ ነው?

ይህ በኢንተርኔት ላይ የተካሄደ አንድ የውይይት ክር ነው፤ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። ክሩን የከፈተችው ጅማ ውስጥ ፊዚክስ የምታስተምር፣ የአንድ 12ኛ ክፍል ስም ጠሪም የሆነች መምህርት ናት። ያነሳችው ነገር ለመምህር ሁሉ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የጻፈው ሰው ግን አላየሁም። እሷ እንደምትለው የሚከብደው መለያየቱ ሳይሆን መለያየቱ ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ትምህርቱ ወደ ክለሳ ይዞራል፣ ክለሳው ወደ ሞዴል ፈተና፣ ከዚያ ክፍሉ ከኋላ ዴስክ ጀምሮ እየሳሳ ይመጣል። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻ መሆኑን ማንም ሳያውቅ ደወሉ ይደወልና ያልቃል። አገር አቀፉ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ ልጆቹ ፈተናቸውን ሲጨርሱም መምህራቸው አጠገባቸው የለችም። ውጤት ሲወጣ ደግሞ አንድ በአንድ ለትራንስክሪፕት ይመጣሉ፣ በመስኮት ሰላምታ ተለዋውጠው ይሄዳሉ። መስከረም ላይ በመጥሪያዋ 61 ስም ነበር፣ አሁን የሚቀመጡት 58 ናቸው። የጠየቀችው ከአንድ ክፍለ ጊዜ የማይበልጥ፣ ገንዘብ የማያስወጣ፣ እሷንም ልጆቹ ፊት የማያስለቅስ ሽኝት እንዴት እንደሚሰናዳ ነው።

ቁጥር 1 ደግ ሰው ነው። ውጤት እስኪወጣ ጠብቃ፣ አዳራሽ አስፈቅዳ፣ ባነር አሠርታ፣ ኬክ አስቆርሳ እንድትሸኛቸው መከረ። ቁጥር 2 አላሳለፈውም። ጥቅምት 2015 በተሰጠው ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሶ፣ ያንን በ58 ልጅ አባዛው፤ ሁለት ልጅ እንኳ አይሞላም። ለሁለት ልጅ ኬክ ሲቆረስ 56ቱ የት እንዲቆሙ እንደታሰበ ጠየቀ። አነጋገሩ ሸካራ ነው፣ ሒሳቡ ግን ልክ ነው። ቁጥር 1 በ4ኛው መልስ ተመልሶ ዩኒቨርሲቲዎች በማካካሻ ትምህርት ከ50 በታች ያመጡ ልጆችንም እንደተቀበሉ አነሳ፤ እሱም ቢሆን የሽኝቱን ቀን አይቀይረውም ተባለ። እኔም ከዚህኛው ወገን ነኝ። ሁሉም እኩል ተማሪ ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ከፈተናው በፊት ብቻ ነው።

በመካከሉ የገባው ቁጥር 3 ስለ ቃል ነው የተከራከረው። 12ኛ ክፍል ይጠናቀቃል እንጂ አይመረቅም፣ ስለዚህ መምህርቷ ለክሩ ከሰጠችው ርእስ ምረቃ የሚለው ቃል ይውጣ አለ። ቃል ላይ የሚደረግ ጭቅጭቅ ያሰለቸኛል፤ ይኼኛው ግን የጨመረው ነገር እስከ ክሩ መጨረሻ ሲጠቀስ ኖሯል። የሚሄደው ይሰናበታል፣ የሚቀረው ይሸኛል። መምህርቷ ሁለቱን ቀላቅላ ነው የጻፈችው። ተሰናባች ስለ ራሱ ቢናገር ያምርበታል፤ ሸኚ ግን የሚያየው የሂያጁን መንገድ ነው፣ በር ላይ ቆሞም አይቀርም፣ ጥቂት አብሮ ይሄዳል። የትኛዋ እንደሆነች ከለየች ፕሮግራሙ ራሱ ይወጣል አላት።

ቁጥር 5 ጅማን የሚያውቅ ሰው ነው። ከፈተና በኋላ የሚለው ሐሳብ በሙሉ ይጣል አለ፣ ምክንያቱንም ዘረዘረ። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳና ከዴዶ መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ፈተናው ባለቀ ማግስት ፍራሻቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ የቤት ኪራይ ለሽኝት ብሎ አይጠብቅም። ዓርብም አይሆንም፦ ጁምዓ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይወጣሉ። ሰኞ ላይ ያልተመለሰ አይጠፋም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ያውም ክለሳ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት። ክለሳ ከተጀመረ በየቀኑ አምስት ስድስት ልጅ ቤት ቀርቶ ማጥናት ይጀምራልና። ጠዋት ይሁን ያለው ለዝናቡ ነው። ጅማ ሰኔ ላይ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ አይታመንም፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ዶፍ ሲወርድ ደግሞ የመምህር ድምፅ ሁለተኛው ዴስክ አይደርስም።

ቁጥር 6 ሰዓቱን ሸነሸነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ይናገር ከተባለ 58 ደቂቃ ይፈጃል። ግማሽ ደቂቃ ቢባል በወረቀት ላይ 29 ይመጣል፣ ግን ግማሽ ደቂቃ የሚናገር ተማሪ የለም፤ ወይ አንድ ቃል ተናግሮ ይቀመጣል ወይ አራት ደቂቃ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ልጆቹ አይናገሩ አለ። የመጨረሻ ስም ጥሪ፣ ረጋ ተብሎ ከነአባት ስም፣ 5 ደቂቃ። የመምህርቷ ንግግር 4 ደቂቃ፣ ማለትም በእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ግድም። ካርድ ማደል 12 ደቂቃ። የቀረው ለፎቶ።

ካርዱ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። የቁጥር 6 ሐሳብ አንድ ኤፎር ወረቀት ለአራት ተቆርጦ ለየልጁ ሁለት ሦስት መስመር እንዲጻፍበት ነው፤ 15 ወረቀት ለ60 ካርድ ይበቃል። ቁጥር 7 ተቆጣ። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ላይ ይህን መጫን ግፍ ነው፣ ደግሞም መምህሩ የሚወደው ልጅ አምስት መስመር፣ የማይወደው አንድ መስመር ያገኛል አለ። ሁለተኛው ሥጋት እውነት አለው። ቁጥር 8 መልስ የሰጠው በቁጥር ነው፦ በቀን 5 ካርድ፣ ለአንዱ 2 ደቂቃ፣ 12 የትምህርት ቀን። በቀን 10 ደቂቃ ከሻይ ሰዓት ላይ ይወጣል። የሚበላሸው በመጨረሻዋ ሌሊት ሁሉንም ልጻፍ ሲባል ነው፤ ከሃያኛው ካርድ በኋላ እጅ ይደክማል፣ ቃላት ይደጋገማሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ካርዱ በደረሳቸው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እያነጻጸሩ ጎበዝ ነህ በርታ የሚለው ለአርባ ሰው እንደተጻፈ ይደርሱበታል።

ከክሩ ሁሉ እኔ የወሰድኩት ቁጥር 9ን ነው። መጥሪያውን ሳታይ የልጆቹን ስም በባዶ ወረቀት ላይ በቃልሽ ጻፊ አላት። የመጀመሪያዎቹ አሥር እጅሽ ሳያቆም ይወጣሉ፤ ጎበዞቹና አስቸጋሪዎቹ ናቸው። ከአርባ በኋላ መቆም ይመጣል። ከዚያ ከመጥሪያው ጋር አስተያዪ። በመጨረሻ የወጡትና ጭራሽ ያልወጡት፣ በአብዛኛው ሦስተኛና አራተኛ ዴስክ መሀል ላይ የሚቀመጡት፣ ካርዳቸው በመጀመሪያው ሳምንት የሚጻፍላቸው ናቸው። ምክንያቱም ስለእነሱ የምትጽፊው የለሽም፤ ለመጻፍ ደግሞ ቀሪዎቹን ቀናት እነሱን ማየት ያስፈልግሻል። ያየችውን አንድ ነገር ብቻ እንድትጽፍ ነው ምክሩ፦ የተወረወረ አካልን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሁለቴ ሠርታ በሦስተኛው ማግኘቷን፣ ለጎረቤቱ መስመሪያ ሳይጠየቅ ማቀበሉን። ምክርና ትንቢት ካርድ ላይ አይጻፍም። ሁሉም ካርድ ሦስት መስመር ይሁን፣ አይርዘም አይጠር፤ ይኼ የቁጥር 7ን ሥጋት ይመልሳል።

ቁጥር 10 ጄል እስክሪብቶ እንዳትጠቀም ብቻ አስጠንቅቆ ሄደ። የጅማ እርጥበት ላይ በእጅ ላብም በጠብታም ይፈሳል፤ ተራው እስክሪብቶ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ቁጥር 11 ተማሪዎች ለመምህር ስጦታ ሊገዙ መዋጮ ቢጀምሩ ምን ይደረግ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 12 ያለማመንታት ይቁም አለ፤ መምህሩ የሰጠው ውጤት ለሬከርድ ክፍል ሳይገባ የሚሰበሰብ ገንዘብ ስሙ ስጦታ ቢሆንም ሌላ ነገር ይመስላል፣ ያላዋጣው ልጅም በሽኝቱ ቀን አንገቱን ይደፋል። ቁጥር 13 ግን ጅማ ሆኖ መምህር በርጩማ ሳይሰጠው ሊቀር ነው ወይ ብሎ ቀለደ፣ ወሬው እዚያው ወደ በርጩማ ዞረ። ባለሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ ሙጫም ሚስማርም የለውም፤ ሦስት እግር ደግሞ ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆን እንኳ አይንገዳገድም፣ አራት እግር ነው የሚንገዳገደው። ቁጥር 14 የዋንዛ በርጩማ ሲገዛ እንዴት እንደሚታይ ጻፈ፦ ተገልብጦ መሀሉ ይታያል፣ ጭረት የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ወይም በእጅ ሲመዘን ከመጠኑ በላይ ከከበደ እንጨቱ አልደረቀም፤ ቤት ገብቶ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ በሁለት ወሩ ይሰነጠቃል። ጠቃሚ ነው፣ ከሽኝቱ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቡና ደግሞ መቅረት አይችልም ነበር። ቁጥር 15 ሽኝት ያለ ቡና ጅማ ላይ ነውር ነው አለ። ቁጥር 16 የምትባል ሴት አቀዝቅዛ መለሰችለት። ለ60 ሰው አቦል ብቻ ቢባል 600 ግራም ጥሬ ቡና ያስፈልጋል፤ ተቆልቶ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ክብደቱን ስለሚያጣ 500 ግራም ገደማ ይቀራል፣ ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ግድም መሆኑ ነው። 12 ሲኒ የሚወጣው ጀበና አምስት ጊዜ መጣድ አለበት፣ 60 ሲኒ ከየት ይመጣል፣ ማን ያጥባል። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥና ማፍላት 40 ደቂቃውን ብቻውን ይበላዋል። ቡናው ይቅር አለች። ከዚህ በኋላ ቡና ያነሳ አልመጣም። ዳቦ ይቀመጥ ላሉት ደግሞ የሰኔ ጾም መሆኑን አስታውሳ ወተትና ቅቤ የሌለበት ይሁን ብላለች፤ ሁሉም እኩል የሚቀምሰው እሱን ነው።

ወደ ጉዳዩ የመለሰው ቁጥር 17 ነው፣ ግን በቁጣ። መምህር ተማሪ ፊት አያለቅስም፤ ከፊታቸው ፈተና ያለባቸውን ልጆች በራስሽ ስሜት አትጫኚያቸው፣ እዚህም ቢሆን ስለ ራስሽ ነው የምታወሪው አላት። ቁጥር 18 የባሰ መለሰ፤ እንዲህ የሚሉ መምህራን ተማሪዎቻቸው በመንገድ ሲያገኟቸው መንገድ እንደሚቀይሩባቸው ጻፈ። አንዱ ሌላውን ለማሳመን የሞከረበት የለም። ቁጥር 19 ክርክሩን ትቶ ለጠየቀችው ብቻ መለሰ። ድምፅ የሚሰበረው ንግግሩ ላይ ሳይሆን ስሞቹ ላይ ነው ይላል፤ ንግግር የተዘጋጀ ነው፣ ስም ግን ፊት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሚለማመዱት ስም ጥሪውን ነው፦ ሁለት ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ጮክ ብሎ። በዕለቱ ከክፍሉ መሀል ሳይሆን ሰሌዳው ጎን መቆም። ድምፅ ከታነቀ ዞሮ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ መጻፍ፤ መምህር ለተማሪ ጀርባውን ሲሰጥ ማንም ምንም አይጠረጥርም። ጠመኔው አስቀድሞ እጅ ላይ ይሁን።

ንግግሩ ውስጥ ምን ይግባ ለሚለው ቁጥር 20 ሦስት ነገር ብቻ አስቀመጠ። አንደኛ አብረው የሠሩት፣ በቁጥር፦ ስንት ምዕራፍ፣ ስንት ቤተ ሙከራ፣ የትኛው ምዕራፍ ሳይሸፈን ቀረ። ሁለተኛ አፉ መባባል፣ ማለትም ይቅር መባባል። ጅማ ላይ ሰው መንገድ ሲነሳ አፉ በሉኝ ይላል፤ መምህርም በዓመት ውስጥ በስህተት የቀጣችው፣ ያልሰማችው ልጅ አይጠፋምና እሷም ትበል፣ ስም ሳትጠራ። ሦስተኛ የት እንደምትገኝ። ደውሉልኝ ማለት ለ58 ሰው የማይፈጸም ቃል ነው፤ ውጤት ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ሁለት ማክሰኞዎች ጠዋት መምህራን ክፍል እገኛለሁ ማለት ግን ይፈጸማል፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላም የሚጠይቁት ሰው ያገኛሉ። ቁጥር 3 እዚህ ላይ ተመልሶ፣ ምረቃ ባይሆንም ምርቃት ግን ይኑር አለ። ከጊቢው ሰው በዕድሜ የገፉት፣ ዘበኛውም ቢሆኑ፣ አንድ ደቂቃ ይመርቁ፤ ዱዓ የሚያደርገውም ጸሎት የሚያደርገውም አሜን ይበል። ይህን የተቃወመ የለም።

ቁጥር 22 አጭር ግን የተፈተነ ነገር ነው ያመጣው። የመጽሐፍ ርክክብና ክሊራንስ ከሽኝቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጠናቀቅ። አለበለዚያ መምህርና ተማሪ የሚለያዩት በጠፋ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ተጨቃጭቀው ነው፤ ካርዱም ንግግሩም ቀርቶ ልጁ ይዞት የሚሄደው ያንን ነው። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕም በሽኝቱ ማግሥት አስተዳዳሪው ብቻ እንዲጽፍበት ሆኖ ይዘጋ፤ የፈተና ሰሞን ተሰረቀ የተባለ ወረቀት የሚዘዋወረው በእንዲህ ያሉ ግሩፖች ነው፣ መዘዙም በመምህሯ ስም ይመጣል።

ስለ ፎቶ ብዙ ተጽፏል፣ የሚረባው ይኼ ነው። 58 ሰው በአራት ረድፍ፦ 14፣ 15፣ 15፣ 14። የፊተኛው ሣር ላይ፣ ቀጣዩ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ይቆማል፣ አራተኛው ዴስክ ላይ ይወጣል፤ መቀመጫው ላይ እንጂ መጻፊያው ላይ አይደለም፣ በአንድ በኩል ሲጫን ይገለበጣል። መምህርቷ መሀል አትቀመጥ፣ ጥግ ላይ ትቁም። 13 በ18 የታተመ ፎቶ ላይ የኋላው ረድፍ ፊት አይለይም፤ 20 በ30 ያስፈልጋል። ስማቸው በዚያው ሳምንት ከጀርባው በረድፍ ይጻፍ።

ቁጥር 24 ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የሚታወቅ ስለሆነ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠራሉ፤ አማካሪው ተማሪዎቹን የሚያውቃቸው በክፍል ሳይሆን በቡድን ነው፣ ሽኝቱም እዚያው በቡድኑ የመጨረሻ ሪፖርት ቀን ቢሆን ይሻላል ይላል። የመውጫ ፈተና በ2015 ከመጣ ወዲህ ጋውን ለብሶ የሚቆመውና አብሮ የተማረው አንድ ላይሆን ይችላል፤ 50 ያልሞላላቸው አሉ። መምህርቷ የጠየቀችው እዚያም ያው ነው ማለቱ ነበር። ቁጥር 25 ደግሞ ስለ መስከረም ጻፈ፦ አዲሱ ክፍል ፊት ያለፈው ባች እንዲህ ነበር ማለት ክልክል ይሁን፣ ቢያንስ እስከ ኅዳር። አዲሶቹ እነዚያን አያውቋቸውም፣ መወዳደርም አይችሉም።

መምህርቷ የተመለሰችው በቁጥር 26 ነው። ቀኑን ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አድርጋለች፣ በባዶ ወረቀቱ ላይ 47 ስም ወጥቶላታል። የቀረባት ጥያቄ አንድ ነው። በመጨረሻው ስም ጥሪ 58 ትጥራ ወይስ 61? በመጥሪያው ላይ የሦስቱ ስም በቀይ መስመር ተሰርዟል። ሁለቱ በቡና ለቀማ ወቅት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ቤተሰብ ለመርዳት ወጥተው በዚያው ቀሩ፤ የአንዷን ምክንያት አልጻፈችም።

ቁጥር 27 አይጠሩ አለ፤ የሌለን ሰው መጥራት የለቅሶ ቤት ያስመስላል። ቁጥር 28 በተራ ቁጥራቸው ይጠሩ አለ፣ በመጨረሻ ለብቻቸው ሳይሆን። 23ኛ ከነበረ 23ኛ ላይ፣ በዚያው ድምፅ፣ ከነአባቱ ስም። አቤት ለማለት የሚበቃውን ያህል ጠብቆ ወደ 24 ማለፍ ነው። ካርድም ይጻፍላቸው፣ የዴስክ ጓደኛቸው ያደርሳል።

የመጨረሻው መልስ ሁለት መስመር ናት። ስም ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ልጆች ከኋላ ሆነው አቋርጧል ብለው መጮኽ ልማዳቸው ስለሆነ፣ ጥሪው ሳይጀመር ዛሬ ለሌላ ሰው ማንም እንዳይመልስ ንገሪያቸው ይላል።